ኬጂ ክፍላችሁ ውስጥ አራት አምስት ቋንቋ ሲኖር፦ ለአስተማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት ኬጂዎች አንዱ በር ላይ ጠዋት ሁለት ሰዓት አካባቢ ቁሙ። አንዷ እናት ልጇን በኦሮምኛ ትሰናበታለች። አንዱ አባት በትግርኛ ያባብላል። አንዲት አያት በጉራጊኛ እየተቆጡ ሹራብ ያለብሳሉ። ከዚያ በሩ ይዘጋና ልጁ ሁሉ ድንገት አማርኛ ተናጋሪ እንዲሆን ይጠበቃል። ትምህርት ቤቱ የግል ከሆነ ደግሞ እንግሊዝኛም ይታከልበታል።

ብዙ ትምህርት ቤቶች ይህን ጉዳይ የሚያስታውሱት ህዳር 29 ሲደርስ ነው። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ነውና ልጆቹ የባህል ልብስ ይለብሳሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ፎቶው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጠፋል፣ አለቀ። ቀኑን አልጠላውም። ልጆቹም ያምርባቸዋል። ግን የአራት ዓመት ልጅ «ቋንቋዬ እዚህ ቤት ቦታ አለው» የሚለውን ከልብስ አይማርም። ውሃ ጠምቶት ሲናገር የሚሰማው ሰው ካለ ነው የሚማረው። ይህ መመሪያ ስለ ሌሎቹ የትምህርት ቀናት ነው።

ሕጉ በኩል እንቅፋት የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች እኩል የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ይናገራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም አንደኛ ደረጃ በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ መንገድ ከፍቷል። ነገር ግን ከተማ ውስጥ አንድን ክፍል በቋንቋ አምስት ስድስት ቦታ መሰንጠቅ አይቻልም። ስለዚህ ሸክሙ ሚስ ትከሻ ላይ ያርፋል። ከየት እንደምትጀምሩ እንይ።

1. ምዝገባ ላይ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቁ

«ብሔሩ ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። አንደኛ፣ ለሥራችሁ አይጠቅማችሁም። ብሔሩ አንድ ሆኖ ቤት የሚናገረው ሌላ የሆነ ልጅ ሞልቷል። ሁለተኛ፣ ወላጅ ይሸሻል። ባለንበት ጊዜ ይህ ጥያቄ ፎርም ላይ ሲመጣ «ለምን ፈለጉት?» የማይል ሰው ጥቂት ነው።

ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «ቤት ውስጥ ልጁን ማን በምን ቋንቋ ያናግረዋል?» እናት፣ አባት፣ አያት፣ ሞግዚት፣ ታላቅ እህት፣ ሁሉንም አንድ በአንድ። እናትና አባት አማርኛ ይናገሩና ልጁ ቀኑን ሙሉ ከወላይታ ከመጣች ሞግዚት ጋር የሚውልበት ቤት አለ። ያ ልጅ ወላይትኛ ይሰማል፤ ወላጆቹ ግን ቋንቋ ብለው አይቆጥሩላችሁም።

አንዳንድ ወላጅ ቶሎ ብሎ «አማርኛ ብቻ ነው የምናወራው» ይላል። አፍሮ ወይም ፈርቶ ሊሆን ይችላል። ምክንያታችሁን አስረዱት፦ «የምጠይቅዎት ልጁ ሲጠማው ወይም ሽንት ሲመጣው እንድረዳው ነው።» ያኔ ፊቱ ይፈታል፤ የጠየቃችሁትንም ያልጠየቃችሁትንም ይነግራችኋል።

እዚያው ላይ አራት ነገር ጻፉ። ልጁ ውሃን፣ ሽንትን፣ ሕመምንና እናቱን ምን ብሎ እንደሚጠራ። ሲያለቅስ ምን እንደሚያረጋጋው። የማይበላው ምግብ። እና ስሙ እንዴት እንደሚነበብ።

2. ስሙን አጥርታችሁ ጥሩ

ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ የሚበላሸው እዚህ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ዐይኑን «ዐ» እና ሐመሩን «ሐ» ከአልፋውና ከሃሌታው ሳይለይ ያልፋቸዋል። ለትግርኛና ለሶማሊኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ግን ልዩነቱ በጣም ይሰማል። የኦሮምኛው «ዸ»ም እንደ «ደ» ይጠራና ልጁ ቤቱ የሚያውቀው ስም ይጠፋበታል።

መፍትሔው ስልካችሁ ነው። ወላጁ ስሙን ሁለት ሦስቴ ሲጠራ ቅዱት። ማታ ደጋግማችሁ ስሙት። ፍጹም ባይሆንም መሞከራችሁን ልጁ ያያል። «ይከብደኛል፣ ቤቢ ብዬ ልጥራህ» የሚባለው ነገር ግን ይቅር። ስም ማሳጠር ካስፈለገ ቤት የሚጠሩበትን የቁልምጫ ስም ጠይቃችሁ እሱን ተጠቀሙ።

3. የመጀመሪያው ሳምንት ቃላት

ቋንቋውን መማር አይጠበቅባችሁም። አስቸኳይ የሆኑትን ቃላት ብቻ ያዙ። እነዚህን በትልቁ ጽፋችሁ ከሚስ ጠረጴዛ ጀርባ ለጥፏቸው፦

ውሃ፦ በኦሮምኛ ቢሻን፣ በትግርኛ ማይ፣ በሶማሊኛ ቢዮ፣ በወላይትኛ ሃታ።

ሽንት፦ በኦሮምኛ ፊንጫን፣ በትግርኛ ሽንቲ፣ በሶማሊኛ ካዲ።

አመመኝ፦ በኦሮምኛ ና ዹኩባ፣ በትግርኛ ሓሚመ። ሶማሊኛ ተናጋሪ ልጅ «ሐኑን» የሚል ነገር ካላችሁ የሆነ ቦታ አሞታል ማለት ነው።

እናት፦ በኦሮምኛ ሃዻ፣ በትግርኛ ኣደ፣ በሶማሊኛ ሆዮ። ይቺኛዋን ቃል ግን ከየልጁ ፎርም ላይ ተመልከቱ፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ አጠራር አለው።

ዝርዝሩን ወላጅ ያርመው። ኦሮምኛ ከወለጋ እስከ ሐረርጌ አነጋገሩ ይለያያል። «ጉራጊኛ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ደግሞ ገና አልጨረሳችሁም፤ የሰባት ቤቱና የክስታኔው ሰው እርስ በርስ ለመግባባት ይቸገራሉ። «የትኛው?» ማለት አለባችሁ። ወላጁ ይህን ስትጠይቁት ደስ ይለዋል፤ ብዙ ሰው አይጠይቀውማ።

4. ዝም ያለውን ልጅ አትቸኩሉበት

አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ልጅ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ዝም ሊል ይችላል። ይህ የታወቀ ነገር ነው። እያዳመጠ ነው። «ቁጭ በሉ» ስትሉ ሌሎቹን አይቶ ይቀመጣል። መዝሙር ላይ አፉን ሳይከፍት እጁን ያንቀሳቅሳል። በኋላ አንድ ቃል ይጥላል፤ ከዚያ ሁለት።

በዚህ ጊዜ ክፍሉ ፊት አስነስታችሁ «በል ተናገር፣ አፍ የለህም እንዴ?» ካላችሁ ዝምታውን ታራዝሙታላችሁ። በጥቅሻ፣ በመጠቆም፣ በሥዕል የሚመልስበት ጥያቄ ስጡት። «ኳሱ የቱ ነው?» ሲባል በጣቱ ካሳየ መልሷል። አብሮት የሚቀመጠውን ልጅም አስቡበት። ወሬ የሚወድ፣ ግን የማይገፋ ጓደኛ ከእናንተ በላይ ያስተምረዋል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ቅልቅል ነው። ልጁ «ሚስ፣ ቢሻን ስጪኝ» ይላል። ይህን ስትሰሙ ተደሰቱ። የአማርኛውን ግስ በትክክል ሰክቶታል፤ የጎደለው አንድ ስም ብቻ ነው። «ቢሻን አይባልም!» አትበሉት። ኩባያውን እያነሳችሁ «ውሃ ልስጥህ? እሺ፣ ይኸው ውሃ» በሉት። ትክክለኛውን ቃል ሁለት ጊዜ ሰማ፣ ውሃውንም ጠጣ፣ አላፈረም። በሚቀጥለው ጊዜ ባይለውም ችግር የለም። አንድ ቀን ይለዋል።

መቼ ነው ማሰብ ያለባችሁ? ወላጁን «ቤት በራሳችሁ ቋንቋ እንደ እኩዮቹ ያወራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ኧረ ቤት መቼ ዝም ይላል!» ካለ፣ ተረጋጉ። በቤቱ ቋንቋም የማያወራ፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ የሚባለውን የማይረዳ ከሆነ ግን የቋንቋ መለዋወጥ ውጤት ነው ብላችሁ አትለፉት። መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር። ጆሮው የሚመግል ልጅ ብዙ ነው፤ ደንቆሮ ወይም ሰነፍ ተብሎ ዓመቱን የሚገፋም አለ።

5. ወላጅን «የቤታችሁን ቋንቋ አቁሙ» አትበሉ

ይህ ነጥብ ላይ ትንሽ ጠንከር እላለሁ። «ልጁ አማርኛው እንዲፈጥን ቤትም አማርኛ አውሩት» የሚለው ምክር ከብዙ ትምህርት ቤቶች ይወጣል። የእንግሊዝኛው ደግሞ ይብሳል። ወላጅ ከፍሎ ያስተምራልና «ቤትም እንግሊዝኛ አስለምዱት» ሲባል እሺ ይላል። የእናትየው እንግሊዝኛ «ካም ሂር» እና «ሲት ዳውን» ላይ የሚያበቃ ከሆነ ልጁ ከእናቱ የሚያገኘው ጨዋታ ወደ ትእዛዝ ይወርዳል። ተረት የለም፣ ቀልድ የለም፣ «ዛሬ ምን ዋልክ?» የለም።

ልጅ ሁለትና ሦስት ቋንቋ አብሮ መያዝ ይችላል። ሁለት ቋንቋ መስማት ንግግር አያዘገይም። ድሬዳዋና ሐረር ሂዱ፤ ሱቅ የተላከ ልጅ ለባለሱቁ በአንዱ፣ ለጓደኛው በሌላው ቋንቋ ሲያወራ ታገኙታላችሁ፤ ማንም ጉድ አይልም። ዋናው ነገር አንዱ ቋንቋ ቤት ውስጥ በደንብ መሠረት መያዙ ነው። «ትልቅ»ና «ትንሽ»ን፣ «በፊት»ና «በኋላ»ን በእናቱ ቋንቋ የተረዳ ልጅ በአማርኛ የሚቀረው ቃሉን መያዝ ነው። ሐሳቡን በየትኛውም ያልያዘ ልጅ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ይሸከማል።

ወላጆች ስብሰባ ላይ አንዷ እናት መጠየቋ አይቀርም፦ «ሚስ፣ ቤት ኦሮምኛውን እናቁምላት ወይ?» መልሱ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ «የለም፣ የጫልቱ እናት፣ እንዳያቆሙ። አማርኛውን እዚህ እኛ እናስይዛታለን። እርስዎ ኦሮምኛውን ያዝልቁላት፤ ተረት ይንገሯት፣ ገበያ ሲሄዱ ያዩትን ሁሉ ያስጠሯት። ከአያቷ ጋር በስልክ የምታወራውም እንዳይቀር።» አያቷን ማንሳታችሁ ይሠራል። አገር ቤት ሲኬድ ልጅ አያቱን ማናገር አቅቶት ሲቆም ያየ ቤተሰብ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

6. ቋንቋዎቹን ወደ ትምህርቱ አስገቡ

የተለየ ክፍለ ጊዜ አያስፈልግም። ያለው ትምህርት ውስጥ ይገባል። ቁጥርን እንይ። በአማርኛ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያላችሁ ቆርኪ ቆጥራችኋል። ያንኑ ቆርኪ በኦሮምኛ ቁጠሩት፦ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን። ቀጥሎ በሶማሊኛ፦ ኮው፣ ለባ፣ ሰደሕ፣ አፈር፣ ሸን። አምስት ላይ ስትደርሱ ኦሮምኛ ተናጋሪውና ሶማሊኛ ተናጋሪው ልጅ እኩል «ሸን!» ብለው ይጮኻሉ፤ ከዚያም ይተያያሉ። በትግርኛ ሓደ፣ ክልተ፣ ሰለስተ፣ ኣርባዕተ፣ ሓሙሽተ ስትሉ ደግሞ አማርኛ ተናጋሪዎቹ «እኛም እንደዚህ ነው የምንለው!» ይላሉ። ቆርኪው አምስት መሆኑ አልተለወጠም። የሒሳብ ትምህርታችሁም አልተጓደለም።

ተረት ሁለተኛው መንገድ ነው። እኔ ከሁሉ የምወደውም እሱን ነው። ወላጆች ቴሌግራም ላይ አጠር ያለ ተረት በራሳቸው ቋንቋ በቮይስ ይላኩላችሁ፤ ፍሬ ሐሳቡን በአማርኛ በጽሑፍ ይጨምሩበት። መክፈቻውንም አብረው ይቅዱት። አማርኛ «ተረት ተረት» ሲል «የላም በረት» እንደሚባለው፣ ሶማሊኛም «ሼኮ ሼኮ» ሲባል «ሼኮ ሐሪር» ተብሎ ይመለሳል። ለልጆቹ መጀመሪያ ታሪኩን በአማርኛ ንገሯቸው፤ አሻንጉሊት ወይም ሥዕል ያዙ። ከዚያ ድምፁን በስፒከር ክፈቱ። ቋንቋውን የሚያውቀው ልጅ ከሁሉ ቀድሞ ይስቃል። ሌሎቹ «ምን አለ? ምን አለ?» ብለው ወደ እሱ ይዞራሉ። አማርኛ ሲከብደው የነበረ ልጅ ለአምስት ደቂቃ አስተርጓሚ ሆነ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቮይሱን ለክፍሉ ከመክፈታችሁ በፊት ስሙት። በየቋንቋችን ጅብ ልጅ የሚበላበት ተረት በዝቷል። ከእንቅልፍ ሰዓት በፊት እንዲህ ዓይነቱን ከከፈታችሁ የሚተኛ ልጅ አታገኙም።

ጨዋታም እንደዚሁ ነው። ሰኞ ማክሰኞና አኩኩሉ የመሰሉ ጨዋታዎችን ልጆቹ ቤት በሌላ ስም ያውቋቸው ይሆናል። ጠይቋቸውና በዚያኛው ስምም ተጫወቱ።

ጽሑፍ ላይ ግን አትጣደፉ። አማርኛና ትግርኛ በፊደል ይጻፋሉ፤ ኦሮምኛ በቁቤ፣ ሶማሊኛም በላቲን። በአራት ዓመቱ ይህን ሁሉ ማስቆጠር ልጁን ማድከም ነው። ስሙ ወንበሩ ወይም ቦርሳ መስቀያው ላይ በፊደልም በቁቤም ቢለጠፍ ይበቃዋል። ልጁ ቄስ ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ዕወቁለት። ቅዳሜ ያነበነበውን ሰኞ ሊያሳያችሁ ይፈልጋል።

7. ምሳ ዕቃ ሲከፈት

ከሁሉ ጠብ የሚነሳበት ቦታ ይህ ነው። አገራችን ውስጥ ክርስቲያኑ የእስላም ሥጋ፣ ሙስሊሙ የክርስቲያን ሥጋ እንደማይበላ ሁላችንም እናውቃለን። ልጆች ግን አያውቁም። ያጎራርሳሉ። የሰሚራ ጥብስ ዮናታን አፍ ውስጥ ከገባ ማታ ስልክ ይደወላል።

መጎራረስን መከልከል ግን አይመቸኝም፤ ደግ ነገር ነው። ስለዚህ ለይታችሁ ፍቀዱ። ፍራፍሬ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ድንች ይካፈሉት። ሥጋ ያለበት ምሳ የባለቤቱ ብቻ ነው። ምክንያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ንገሯቸው፦ «ሥጋ እያንዳንዱ ሰው የቤቱን ነው የሚበላው።» ልጅ ደንብ ይወዳል፤ ከእናንተ ብሶ ያስከብረዋል።

ጾምም አለ። ትንንሽ ልጆች የማይጾሙበት ቤት ብዙ ነው፤ ግን ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ብቻ የሚቋጥር ቤተሰብም አለ። ኬክ ይዞ የሚመጣ የልደት ቀን ዓርብ ላይ ከዋለ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ የጾም ኬክ ይገኛል።

ቆጮ ይዞ የመጣውን ልጅ «ይሸታል» ያለው ካለ፣ ዝም ብላችሁ አትለፉት። በሚቀጥለው ሳምንት እናቱን ጠይቃችሁ ለሁሉም አስቀምሱ።

8. በዓላቱን ካሌንደር ላይ አስፍሩ

መስከረም ላይ በዓላቱ ተደራርበው ይመጣሉ። እንቁጣጣሽ፣ የወላይታ ጊፋታ፣ መስቀል፣ የሐዲያ ያሆዴ፣ ብዙም ሳይርቅ ኢሬቻ። ልጆቹ ገና ትምህርት ቤቱን እየለመዱ ነው፤ ሁሉንም ላክብር ብትሉ ትደክማላችሁ። ከበዓሉ በኋላ ባለው ቀን ጠዋት «ቤታችሁ ምን ተደረገ? ምን በላችሁ?» ማለት ይበቃል። አሸንዳ ነሐሴ ላይ ስለሆነ ትምህርት ዝግ ነው፤ ልጆቹ ሲመለሱ ጠይቁ። ዒድ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል። የሲዳማው ዘመን መለወጫ የፍቼ ጨምበላላ ቀንም አያንቱ በሚባሉት ሽማግሌዎች ኮከብ ቆጠራ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ያምናውን ካሌንደር አትገልብጡ፤ ወላጅ ጠይቁ።

አንድን ልጅ ግን የብሔሩ ቃል አቀባይ አታድርጉት። «እስቲ ጉራጌዎች መስቀልን እንዴት ታከብራላችሁ?» አይባልም። የአምስት ዓመት ልጅ ስለ ቤቱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

9. ሲሳሳቁበት

ልጆች አነጋገር ማስመሰል ይወዳሉ፤ ሁልጊዜ ክፋት አይደለም። ግን የሚሳቅበት ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ አፉን ይዘጋል። ወዲያው፣ በአጭሩ፣ ሳትሰብኩ ተናገሩ፦ «እሱ ሁለት ቋንቋ ነው የሚያወራው። አንተስ ስንት ታወራለህ?»

የሚከብደው የትልልቆቹ ነው። ስታፍ ሩም ውስጥ የወላጅን አማርኛ እያስመሰሉ የሚስቁ መምህራን አሉ። ረዳቷም ሞግዚቷም ይሰማሉ፤ በሩ ክፍት ከሆነ ልጆቹም። ይህን ማስቆም የርዕሰ መምህሩ ሥራ ነው።

10. ቋንቋውን የሚያውቅ መምህር ከሌለ

አለ። ግቢው ውስጥ ፈልጉ። ጥበቃው፣ ጽዳቷ፣ ምግብ የምትሠራው እህት፣ አንዳቸው ከልጁ ጋር አንድ ቋንቋ ይናገራሉ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ የሚያለቅስን ልጅ በቋንቋው ሁለት ቃል ስታናግረው ለቅሶው እንዴት እንደሚቆም ብዙ መምህር አይቷል። ግን ሥራውን በነፃ አትጫኑባት። ጠዋት ግማሽ ሰዓት ከክፍሉ ጋር እንድትሆን ከተፈለገ ርዕሰ መምህሩ ከሌላ ሥራዋ ላይ ይቀንስላት፤ ክፍያውም ይታሰብ። እሷም «ሚስ» ተብላ ትጠራ።

ታላላቅ ተማሪዎችም ይረዳሉ። ትምህርት ቤታችሁ አንደኛ ደረጃ ካለው የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆች በሳምንት አንድ ቀን መጥተው በቋንቋቸው ተረት ቢነግሩ፣ ቢያጫውቱ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።

11. ዓመቱ ሲያልቅ

ምዝገባ ላይ የሞላችሁትን ወረቀት አትጣሉት። በዓመቱ የተማራችሁትን ጨምሩበትና ለቀጣዩ ክፍል መምህር ስጡ፦ ልጁ አሁን ምን ያህል አማርኛ ይናገራል፣ ቤት ውስጥስ ቋንቋው እየቀጠለ ነው ወይ፣ ሲጨነቅ የሚሸሸው ወደየትኛው ቋንቋ ነው።

ከኬጂ የሚጨርሱት ልጆች ወላጆች ደግሞ የአንደኛ ክፍል ቋንቋ ምርጫ ይጠብቃቸዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚያስተምሩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉ። «የቱ ይሻላል?» ብለው ሲጠይቋችሁ አትምረጡላቸው። ልጁ በየትኛው ቋንቋ ታሪክ ጀምሮ እንደሚጨርስ፣ በየትኛው እንደሚከራከር፣ በየትኛው እንደሚቆጥር ያያችሁትን ንገሯቸው። ምዝገባው ሳይዘጋ፣ ሰኔ ሳያልቅ ብትነግሯቸው ይመረጣል።